በልጄ ክርስትና ቀን ጭልፋው የሠራኝ ሥራ

ካቶሊክ መሆን ደስ ይላል። ይህን የምለው ልሰብካችሁ አይደለም፤ ስብከት ብችል መጀመሪያ የምሰብከው ራሴን ነበር። ብቻ በዚህ በደሴ ዳገት ላይ ስኖር ሰው ሁሉ ሲያዝንልኝ ስለሚውል፣ ደስታ ደስታውንስ ማን ይንገርልኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ መቀመጥ አለ። ጎረቤቶቼ በመቋሚያ ተደግፈው ሲያስቀድሱ እግራቸው ደርቆ ወገባቸው ተቆርጦ ይመለሳሉ። እኔ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ አስቀድሳለሁ። ደግሞ ቅዳሴያችን አጭር ናት፤ ወጥ ጥዳችሁ ብትሄዱ ሳያርር ትመለሳላችሁ። እትዬ አስካለ የምትባለው ጎረቤታችን ይህን ስነግራት፣ «እግዜር ገና ጆሮውን ሳያዘነብል ጨርሳችሁ ትወጣላችሁ ማለት ነው» ብላኛለች።

ንስሐም አለ። የሌላው ሰው የንስሐ አባት ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ፊት ዓይን ዓይኑን እያየ ይመክረዋል። እኔ ግን ከመጋረጃ ጀርባ ተንበርክኬ፣ ማን እንደሆንሁ ሳልታወቅ ተናዝዤ እወጣለሁ። ሳልታወቅ ማለቴ እንኳ ለወጉ ያህል ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ያለን አበሻ ካቶሊኮች ተሰብስበን አንድ ድንኳን አንሞላም። ቄሳችን አባ ዮሴፍ ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ «ያን የሰውዬውን ሱሪ ዛሬም አልሰፋህለትም?» ይሉኛል። ልብስ ሰፊ መሆኔን ያወቃችሁት እንግዲህ በንስሐዬ በኩል ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ልደት ነው። ታኅሣሥ አሥራ ስድስት ቀን ከቄሴ ጋር አከብራለሁ፤ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ቀን ደግሞ ከጎረቤቶቼ ጋር። ጌታ ሁለት ጊዜ ቢወለድልኝ ምን ከፋኝ? እዚያው ላይ ነው ጉዱ የመጣው።

ዘመኑ የጣሊያን ጊዜ ነበር። መንገዱ ሁሉ ካሚዮን፣ ካሚዮኑ ሁሉ አቧራ። ጣሊያን የገባ ሰሞን ያገኘኝ ሁሉ «የአንተ ሰዎች መጡልህ» ይለኝ ነበር። እኔ ካቶሊክነቱን የወረስሁት ከአያቴ ነው፤ ያኔ ጣሊያን የቦርከናን ወንዝ በዓይኑም አላያት። ደግሞስ የእኔ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ፣ ኮምቦልቻ ቤተ ጸሎት ውስጥ የፊት የፊቱን አግዳሚ ይዘው እኔን ከበሩ ሥር ያስቀምጡኝ ነበር? መቼም መቀመጥ መቀመጥ ነው ብዬ ቁጭ አልሁ። ሰማይ ቤትም በዚሁ ረድፍ ከሆነ ግን ቅር ይለኛል።

ሚስቴ ትርንጎ የኩታበር ልጅ ናት። አባቷ አያ ይመር ገበሬ ናቸው፤ ጾም የማያስታጉሉ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ፣ ሲቆጡም የማይጮኹ ሰው። ሲቆጣ የማይጮኽ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚያስፈራ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ያ ፀረ ማርያም» ነው የሚሉኝ። ማታ ማታ መቁጠሪያዬን ይዤ «ሰላም ለኪ ማርያም» እያልሁ ምላሴ እስኪዝል የምደግመውን ሰውዬ! ትርንጎ እኔን አግብታ ሃይማኖቴን ከያዘች ወዲህ አባቷ ከቤታችን እህል ቀምሰው አያውቁም። ለገበያ ሲመጡ ከአጥር ውጭ ቆመው ደኅንነቷን ይጠይቃሉ። ማር ቢያመጡላት አጥሩ ላይ አንጠልጥለውላት ይሄዳሉ።

ትርንጎ አታማርርም። ነገር ግን እሳቸው በመጡ ቁጥር ምናልባት ይገቡ ይሆናል ብላ ምሳ ታሰናዳለች፤ ሲሄዱ ደግሞ ያሰናዳችውን ሳትነካ መልሳ ትከድነዋለች። ያ ክዳን ሲከደን አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ሴት ልጃችን ተወልዳ የክርስትናዋ ነገር ሲነሣ ትርንጎ፣ «አባዬን አስጠራቸዋለሁ፤ ይመጣሉ። ከቤቴ ገብተው አንዲት ጉርሻ ከቀመሱልኝ ሌላ ነገር አልፈልግም» አለችኝ።

«እንዴት አድርገን?»

«እሱን አንተ እወቅበት።»

አባ ዮሴፍ ለማጥመቅ የቆረጡት ቀን የልደት ዕለት ሆነ፤ የእኛ ልደት፣ ታኅሣሥ አሥራ ስድስት። ለጎረቤቶቻችንና ለአያ ይመር ያ ቀን ጾመ ነቢያት ነው፤ ጭራሽ ገና ገናን እየጠበቁ ናቸው። መልእክታችን ኩታበር ደርሶ መልሱ እንዲህ ሲል መጣ፦ «ሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ክርስትና ሲነሣ አላየሁም። ለልጅቱ ስል ግን እመጣለሁ። በጾም ሥጋ ከሚበላ ሰው ጋር ግን አልቆርስም።»

ብልህ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ በጉን ይተወዋል። እኔ ግን ልደቴ ነው! የመጀመሪያ ልጄ ክርስትና ነው! ሽሮውም ይሠራ፣ በጉም ይታረድ፤ ጾመኛው ከቤት ውስጥ፣ ሥጋ በሊታው ከጓሮ ይሆናል ብዬ ወሰንሁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚለውን ተረት የሰማሁት እኔ ወጥቼ ካበቃሁ በኋላ ነው።

የእኛን አገር ላላወቀ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። ወሎ ላይ እስላሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ ስም እንኳ ተዋውሶ ይኖራል፤ ይመር የሚባል በመስጊዱም በደብሩም ታገኛላችሁ። ቢላዋው ላይ ሲደርስ ግን ቀልድ የለም። እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውንም እስላም አይበላም። የበላ እንደሆነ ሃይማኖቱን ለወጠ ነው የሚባለው፤ ቃል ሳይናገር፣ ምስክር ሳይቆም፣ በአንዲት ጉርሻ። እኔ ደግሞ ሦስተኛ ቢላዋ ነኝ። እኔ ያረድሁትን ሁለቱም አይቀምሱልኝም፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እኔ ነኝ። አባ ዮሴፍን ብትጠይቋቸው ካቶሊክ የማንንም ቢላዋ ቢበላ ኃጢአት የለበትም ይላሉ። ይህም አንዱ ደስታችን ነው፤ ግን ደሴ ላይ ሆኖ የሚደሰትበት አልተገኘም።

ስለዚህ የክርስትናው ዕለት ማለዳ ጓሯችን እንዲህ ሆነ። አጥር የምንጋራቸው ሼህ እንድሪስ «ለእስላሞቹ እንግዶችሽ» ብለው ለትርንጎ በግ ነድተው መጡ፤ ቢስሚላህ ብለው አረዱና ሚስታቸው እትዬ ዘሀራ በራሷ ድስት ጣደችው። እኔም በስመ አብ ብዬ የእኔን አረድሁ፤ ትርንጎ በእኛ ድስት፣ በእኛ ጭልፋ እያማሰለች ሠራችው። የእኛ ድስት በጦሳ ተራራ በኩል፣ የእነሱ በአጥሩ በኩል። ቤት ውስጥ ደግሞ እትዬ አስካለ ለጾመኞቹ ሽሮዋን ይዛ ገባች። ድስቱንም፣ ማማሰያውንም፣ እሳቱን የምትቆሰቁስበትን እንጨት ሳይቀር ከቤቷ ነው ያመጣችው። ከዚያ አመድ ዘግና በደጃፉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር አሰመረች።

«ሥጋ የነካ ነገር ከዚህ አመድ እንዳያልፍ፤ ማርያምን!» አለች።

«የገዛ ቤቴ ነው እኮ» አልኋት።

«ዛሬ የእኔ ነው» አለችኝ።

ለእትዬ ዘሀራ ድስታችንን አደራ ሰጥተን፣ ልጃችንን ይዘን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። የወረድነው ዱቄት በጫነ ካሚዮን ጀርባ ላይ ነው። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ ልጅቱ ጥግብ ብላ ተኝታለች፤ የጮኽሁት እኔ ነኝ። ስንደርስ ከዓይናችን በቀር ሁላችን በዱቄት ነጭ ሆነን ስለነበር፣ ዛሬስ ከፊት ያስቀምጡን ይሆን ብዬ ተመኘሁ። አላስቀመጡንም። ልጄ ግን ተጠመቀች፤ ማርያማዊት ተባለች፤ እኔም ከበሩ ሥር ሆኜ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ስንመለስ አባ ዮሴፍም ግብዣውን ሊባርኩልን በዚያው ካሚዮን ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው አብረውን ወደ ደሴ ወጡ።

ግቢያችን ስንደርስ እንግዳው ሞልቷል። አያ ይመር መጥተዋል! ግን ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትርንጎ ጉልበታቸውን ሳመች። እትዬ አስካለ ደግሞ ሮጣ መጥታ የልጅቱን ፀጉር ዳበሰችና፣ «ኧረ ፀጉሯም አልራሰ! ተጠመቀች ወይስ ካፊያ ነካት?» ብላ ጠየቀች።

አያ ይመር ይህን አልሰሙም መሰለኝ። «ስሟን ማን አላችኋት?» አሉ።

«ማርያማዊት።»

ቀና ብለው አዩኝ። ካገባሁ ወዲህ ፊቴን ያዩት ያን ቀን ነው። «እናንተ ማርያምን ትወዳላችሁ እንዴ?»

መልስ ከመስጠት ብዬ መቁጠሪያዬን ከኪሴ አወጣሁላቸው። ተቀብለው አገላብጠው አዩት። አጠገባቸው ቆመው የነበሩት ሼህ እንድሪስም ሙስበሃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ መዘዙና ጎን ለጎን አድርገው፣ «የአንተ ጌጥ በዛባት እንጂ እኅትማማች ናቸው» አሉ። አያ ይመር መቁጠሪያውን መለሱልኝ። ከዚያ ተነሥተው ከአጥሩ ገቡና ከሼሁ ጋር ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ትርንጎ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ግማሽ መንገድ መጡልን ማለቷ ነው።

እኔም ደስ አለኝ፤ ደስታ ደግሞ ያስርበኛል። የበግ ወጥ ሽታ አውዶኛል፣ ልደት ነው፣ አማቴ ከግቢዬ ገብተዋል። አንዴ ቀምሼ ልምጣ ብዬ ወደ ጓሮ ዞርሁና የትርንጎን ጭልፋ፣ ጠዋት የእኛ ወጥ የተማሰለበትን፣ አነሣሁ። በጦሳ በኩል ያለውን ድስት ከፍቼ ጨለፍ አድርጌ ቀመስሁ።

ጣፈጠኝ። ከመጠን በላይ ጣፈጠኝ። ትርንጎን ብወዳትም እንዲህ ያለ ቅመም ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ለካ እኛ ኮምቦልቻ ሳለን ነፋሱ ዞሮ ጭሱ ወደ ቤት ሲገባ፣ እትዬ ዘሀራ ድስቶቹን አንሥታ ቦታ አቀያይራቸዋለች።

ይህ የእኛ አይደለም እንዴ? አልሁ በልቤ። እዚህ ላይ ጭልፋውን ጥዬ ብሮጥ ኖሮ ጥፋቱ በአንድ ድስት ይቀር ነበር። እኔ ግን ነገር ማጣራት እወዳለሁ። ያንኑ የላስሁትን ጭልፋ ሁለተኛው ድስት ውስጥ ነከርሁና ያንንም ቀመስሁ። አዎ፣ የእኛ ይኼኛው ነው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንዲሉ፣ ጭልፋውን እንደያዝሁ ይህን ግኝቴን ለትርንጎ ልነግራት ወደ ቤት አመራሁ። እትዬ አስካለ ደጃፉ ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች።

«አመዱን እንዳትረግጥ! ያ ምንድን ነው ከእጅህ?»

«ጭልፋ።»

«ከየት የመጣ?»

እውነተኛ ሰው ስለሆንሁ ነገርኋት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጦሳ ተራራ ላይ ያለ እረኛ ሁሉ ሰምቶታል።

«ወይኔ ትርንጎ! ባልሽ ሰለመ! ኧረ በልጁ ክርስትና ቀን ሰለመ!»

እትዬ ዘሀራ ከጓሮ መጣች። ጭልፋውን አየች፣ ድስቷን አየች፣ ራሷን ያዘች። «ያ አላህ! የእናንተ በነካው ጭልፋ የእኛን ነካው? ሐራም አደረገብን እኮ! እንግዳው ምን ሊበላ ነው?»

«የእኛንም በእናንተ ነክቶታል» አለች አስካለ፣ የማትበላው ሥጋ ገዷት።

ሼህ እንድሪስ ሙስበሃቸውን ቆጥረው ቆጥረው አሰቡና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ በጭልፋ የሰለመ ሰው ወላሂ አይቼ አላውቅም። እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ወጣችንን ይዘን አገሩን ባዳረስን።»

እንግዳው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ግን ትርንጎን አየኋት። ልጃችንን ታቅፋ ከበሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ አባቷ ላይ ነው። አያ ይመር ዱላቸውን አንሥተው ቆመዋል።

ያን ጊዜ ሳቄ ሁሉ ከሆዴ ውስጥ ደረቀ። ሁለት በግ ቢበላሽ በግ ነው። ሚስቴ ስንት ቀን የጠበቀችው ነገር፣ እኔ አንዲት ጭልፋ ለመላስ ብዬ፣ ዱላ ተደግፎ ወደ ኩታበር ሊሄድ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «አያ፣ በማርያም!» አልሁ። እሳቸው ወደ አጥሩ ዞሩ።

ትርንጎ ግን ወደ አባቷ ሄደችና ልጅቱን ከክንዳቸው ላይ አኖረቻት። ሕፃን የታቀፈ ሰው ዱላ ይዞ አይሄድም፤ ዱላው ወደቀ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞራ ሁለቱንም ድስት ከደነች። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ የአስካለን ሽሮ ከነገበታው ተሸክማ፣ አመዱን ተሻግራ ወጣችና ግቢው መካከል አስቀመጠችው።

«ይህን ቢላዋ አልነካውም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል። ታጠቡ» አለች።

«አብሽሪ ልጄ፣ ጨረስሽው» አሉ ሼህ እንድሪስና መጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ። እስላሞቹ እንግዶች ታጠቡ፤ ጾመኞቹም ታጠቡ። አባ ዮሴፍ ግን ጎተት አድርገውኝ በጆሮዬ፣ «ሁለቱን ድስት ለእኔ ተውልኝ። ኮምቦልቻ መንገድ ሥራ ላይ ያሉ የእኛ ሰዎች አሉ፤ ስለ ቢላዋው አይጠይቁም፣ እኔም አልነግራቸውም» አሉኝ። ሾፌሩን ጠርተው ድስቶቹን ካሚዮኑ ላይ ሲያስጭኑ፣ ያን ያህል ፈገግታ በፋሲካ ቅዳሴ እንኳ አላየሁባቸውም።

እኔም ምን አማራጭ አለኝ? ካሚዮኑ የልደት በጌን ይዞ ቁልቁል ሲወርድ በዓይኔ ሸኘሁና ከገበታው ቀረብሁ። ከሽሮው ቆርሼ ላነሣ ስል አያ ይመር ሕፃኗን እንደታቀፉ መጥተው ከበላዬ ቆሙ።

«ዛሬ ልደትህ አይደለም?»

«ነው።»

«የጌታ ልደት? ያልጾማችሁለት?»

«አዎ።»

«እና የምትበላው ምንድን ነው?»

«ሽሮ» አልሁ፤ ድምፄ የቅዳሜ ገበያ ለማኝ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ያ ሲቆጣ የማይጮኽ ሰው ሲስቅ ጮኸ! ሳቁ ሳቁና ልጅቱ ደንግጣ ነቃች። «አይ እግዜር! ሲያስጾም እንዲህ አድርጎ ነው! ትርንጎ፣ ባልሽ እኮ ሳይወድ ጾመኛ ሆነ!» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «በሉ ጠጋ በሉልኝ። ከጾመኛ ጋር መቁረስ ነውር የለውም።»

ከእኔና ከሼህ እንድሪስ መካከል ተቀመጡ። ትርንጎ ውሃ አስታጠበቻቸው፤ ዓይኗ ፊታቸው ላይ ስለነበር ግማሹ ውሃ እኔ ላይ ፈሰሰ። አያ ይመር አማተቡ። ቆረሱ። ጠቀለሉ። ጎረሱ። የግቢው ሰው ሁሉ ወሬውን ያውቅ ስለነበር እጁን ከገበታው አንሥቶ ሲያላምጡ ያያቸዋል። ሽሮ በዚያ ዓይነት ሥነ ሥርዓት ሲበላ እኔ አላየሁም።

ዋጡ። ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ትርንጎ!»

«አቤት አባዬ።»

«ጨው ዛሬም በእፍኝሽ ነው የምትበትኚው? ከልጅነትሽ ጀምሮ ስነግርሽ፣ ስነግርሽ! ምነው እናትሽ ይህችን እንኳ ባስተማረችሽ?»

እትዬ አስካለ ሽሮውን ከጥሬው እስከ ጨው በገዛ እጇ የሠራችው እሷ ነችና አፏን ከፈተች። ትርንጎ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። እንግዳ የቀረበለትን ያመሰግናል፤ ጨው በዛ ብሎ የሚቆጣ አባት ብቻ ነው። አስካለም ይህ ገባት መሰለኝ አፏን መልሳ ገጠመች።

«አዎ አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ።

«እህ! ምን ያስለቅስሻል ደግሞ? በይ ውኃ አምጪልኝ» አሉ አያ ይመር፣ ሁለተኛውን ጉርሻ እየጠቀለሉ። «ሽሮውንም ጨምሪ፤ እያለቀ ነው።»